ከእጥበት የተረፈ ምልክት

በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ባለፈ ሰሞን፣ የወልዲያ ነዋሪ የሆነ አንድ ሰው አውቶሞቢሉን ለእጥበት ሰጠ። በሠርግ ወራት መኪናውን ለሙሽሮች እያከራየ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። የዚያ ሳምንት ሠርግ ግን የኪራይ አልነበረም። መርሳ የምትኖረው እኅቱ የበኩር ልጇን ልትድር ነበርና፣ «ወንድም ዓለም፣ የመኪናውን ነገር ላንተ ትቼዋለሁ፤ እንደ መስተዋት አድርገህ አምጣልኝ» ብላ አደራ ጥላበታለች።

የላቫጆው ልጅ ትጋት አልጎደለውም። የዱቄት ሳሙናውን በእፍኝ እየዘገነ፣ የኋላውን የቆዳ መቀመጫ በልብስ ብሩሽ ፈተገው፤ ከዚያም አራቱንም በር ከፍቶ ለጥር ፀሐይ ሰጠው። ከቀትር በኋላ ቡናማው መቀመጫ ሲደርቅ ላዩ በነጫጭ ሸንተረርና ጠርዛቸው በጠቆረ ክቦች ተዥጎርጉሮ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ሳሙና ቢጨመርበት ይለቃል» አለ ልጁ። ተጨመረበት። ነጩ ሰፋ እንጂ አልለቀቀም። ማታ ደግሞ አንዲት ጎረቤት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እንዲሞክር መከረችው። ሰውየው ጥጥ ነክሮ በቀኝ በኩል ያለውን ምልክት ቢያሸው፣ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። መዳፍ የሚያክል ቦታ ገርጥቶ ቀረ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የነሣው የመኪናው ዋጋ መውደቅ ብቻ አልነበረም። ነጭ ቬሎ የለበሰች ልጅ ቀለሙን በሚለቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በዘመድ አዝማድ ፊት ስትነሣ ምን እንደሚታይ ያስብ ነበር።

በማግሥቱ ማልዶ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ወረደ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እርሱ ግን ከፊቱ ካለው መንገድ ይልቅ በመስተዋቱ የኋላውን መቀመጫ ሲያይ ነው የደረሰው። መርሳ ውስጥ የመኪና ወንበር በማልበስ የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው የበቅሎ ኮርቻ ይሠሩ ነበር፤ ሙሽራ በበቅሎ ትሄድ በነበረበት ዘመን ማለት ነው።

አዛውንቱ ጣታቸውን በውሃ ነክረው ነጩን ዳሰሱት። ርጥብ ሳለ ጠፋ፤ ሲደርቅ ተመልሶ መጣ።

«ይህ እድፍ አይደለም ልጄ። ሳይወጣ የቀረ ሳሙና ነው።»

ወሎ ለቆዳ እንግዳ አይደለችም። የባቲ የፍየል ቆዳ በውጭ ገበያ ሳይቀር በባቲ ስም የሚጠራ ነው። በጀንዲ ላይ ተኝቶ፣ እህሉን በአቅማዳ ጭኖ ያደገ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ለመሆኑ ጀንዲ በዱቄት ሳሙና ሲፈተግ ማን አይቷል? ይራገፋል፣ ይጠረጋል፣ ሲደርቅም ቅባት ይጠጣል። ያው ቆዳ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ሸክላ ሳህን ይታጠባል። የለፋ ቆዳ ጠባዩ አሲድነት ያለው ነው፤ 7 መካከለኛ በሆነበት መለኪያ ከ3.5 እስከ 5 ባለው ይገኛል። የዱቄት ሳሙና ብጥብጥ ግን ከ9 እስከ 11 ይደርሳል። በስፌትና በሽብሽቡ ውስጥ የቀረው ሳሙና ውሃው ሲተን ነጭ ሆኖ ይወጣል። ውሃው ወደ ጠርዝ እየሸሸ ሲደርቅም የተሸከመውን ሁሉ እዚያው ጥሎ ስለሚሄድ፣ ክቡ ይፈጠራል። አንዱን ክብ ብቻ ለይቶ የሚያጥብ ሰው ሌላ ሰፊ ክብ ይሠራል።

ስለዚህ አዛውንቱ ከስፌት እስከ ስፌት ነበር የሠሩት። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጨመሩ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክረው አጥብቀው ጨመቁና፣ ጨርቁ አረፋ ማውጣቱን እስኪተው ድረስ ደጋግመው ጠረጉ፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ብቻ። መኪናው ዛፍ ጥላ ሥር ቆመ። ሰውየው ቸኩሎ ወደ ፀሐይ ሊያወጣው ቢል፣ «አብሽር፤ ጥላው ያደርቀዋል» አሉት።

«ቫዝሊን ልቀባው ይሆን አባባ?»

«የዚህ ቆዳ ላዩ ልባስ አለው፤ ቅባቱ ወደ ውስጥ አይገባም። የሚገባው ቬሎው ውስጥ ነው።»

ወደ ማታ ነጩም ክቡም ጠፋ። መዳፍ የሚያክለው ቦታ ግን ያው ነበር። አዛውንቱ በደረቅ ነጭ ጨርቅ አሹትና ጨርቁን አሳዩት፤ ቡናማ ነክቶታል። ማስለቀቂያው ልባሱን ከነቀለሙ ስላሟሟው በእጥበት የሚመለስ ነገር አልነበረም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ፣ ቀለም በስሱ ተደራርቦ ተቀብቶ፣ ላዩ እንደገና መሸፈን ነበረበት። ይህ ቀናት ይወስዳል። ሠርጉ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ያን ዕለት ማታ ከእኅቱ ቤት ገብቶ፣ ጠላ ሲቀዳለት እንኳ ሳይቀምስ ሁሉንም ነገራት። እኅቱ ጥቂት ዝም አለች።

«ምልክቱ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«ሙሽራው ጥቁር ሱፍ አይደል የሚለብሰው? በቀኝ እርሱ ይቀመጣላ!»

እንደተባለው ተደረገ። ሙሽራይቱ ከመኪናው ስትወርድ አጎቷ በሩን ይዞ ቆሞ፣ ሌላው ሁሉ ፊቷን ሲያይ እርሱ የቬሎዋን ጀርባ ይመለከት ነበር። ነጭ ነው። የሙሽራውን ሱሪ ያየለት አልነበረም።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ መኪናው መርሳ ከአዛውንቱ ዘንድ አራት ቀን ሰነበተ። ሦስት ቀለም ቀላቅለው የቀቡት ስፍራ በጥላ አይለይም። ፀሐይ በቀኙ መስኮት ስትገባ ግን ከዙሪያው ጥቂት ቀላ ይላል።