ዥዋዥዌና ቤምቤያ

ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የመጡ አንዲት አያት፣ አንድ ቀን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሕፃናት መጫወቻ ወረዱ። ልጅቷ የተወለደችው እዚያው ናይሮቢ ነው፤ ከአያቷ ጋር የሚያግባባት አማርኛ ጥቂት ነው። በሁለት ሰንሰለት ወደ ተንጠለጠለው መቀመጫ እየጠቆመች «እማማ፣ ቤምቤያ!» አለች። አያት ግራ ገባቸው። ልጅቷ ሮጣ ስትቀመጥበት ግን ሳቅ ብለው «ይኼማ ዥዋዥዌ ነው!» አሉ። አሁን ደግሞ ግራ የመጋባቱ ተራ የልጅቷ ሆነ።

«ዥዋዥዌ» ስለ ገመዱም ሆነ ስለ መቀመጫው የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ሰውነት ስለሚሰማው ነው። ከገደል አፋፍ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ራሱን «ዥው» ያደርገዋል፤ ገደሉም «ዥው ያለ ገደል» ይባላል። በመጫወቻው ስም ውስጥ ይኸው ድምፅ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዱ ለመሄጃ፣ ሌላው ለመመለሻ ይመስላል። ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የታሰረ ገመድም ሆነ ከብረት የተበጀ መጫወቻ በዚሁ ስም መጠራቱ ስለዚህ አያስደንቅም። «ሸርተቴ»ም ከመንሸራተት የወጣ ነው፤ ዝናብ ባራሰው ዳገት ላይ የተንሸራተተ ልጅ፣ የብረቱን ሸርተቴ ከማየቱ በፊት ትርጉሙን ያውቀዋል።

በ26ቱ የግዕዝ ፊደላት ውስጥ «ዠ»ም «ሸ»ም አይገኙም። አማርኛ በ«ዘ» እና በ«ሰ» ላይ ምልክት ጨምሮ ያበጃቸው ናቸው። እነዚህ የልጆች ቃላት እንደሚነገሩት ሆነው ለመጻፍ የአማርኛን ተጨማሪ ፊደላት የግድ ይሻሉ።

የስዋሂሊው «ቤምቤያ»ም ባዶ ድምፅ አይደለም። በዚያው ቋንቋ ለጆሮ የሚቀርበው «ኩቤምቤሌዛ» ማባበል፣ እሹሩሩ ማለት ነው። አማርኛው የልጁን መደንገጥና መደሰት ሲያሰማ፣ ስዋሂሊው ለሰሚው የእናትን እጅ ያስታውሳል። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት የያዘ ልጅ አንዱን ነገር በሁለት ስም ጠራ ብቻ አይባልም፤ ሁለት ዓይነት ስሜት ወርሷል። አንደኛው ሲጠፋ የሚጎድለው ስም ብቻ አይደለም።

አያት ትርጉም ለማስረዳት አልሞከሩም። ከኋላ ቆመው ገፋ አደረጓት፤ መቀመጫው ወደ ላይ ሲወጣ «ዥ...ው» አሉ፣ ሲመለስም ደገሙት። በሦስተኛው ዙር ልጅቷ ቃሉን ራሷ ጨረሰችው።