የጤፍ ማሳ ስለ ማስረገጥ
በአድአ፥ በሐምሌ ወር ጤፍ ከመዝራታችን አስቀድሞ ደጋግመን ያረስነውን መሬት በከብት እግር እናስረግጣለን። ከከተማ የመጡት ልጆቻችን ይህን ባዩ ጊዜ፥ «በብዙ ድካም ያለሰለሳችሁትን አፈር ስለ ምን መልሳችሁ ታጠብቁታላችሁ?» አሉን፤ ጥያቄውስ ደግ ነው። የጤፍ 1000 ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ደቃቅ ዘር በጓል መካከል ወደ ጥልቅ ከወደቀ መብቀል ይሳነዋል፤ የተረገጠው መሬት ግን ከላይ ይይዘዋል።

ዘንድሮ ጭንቃችን ሌላ ነበር፤ የግጦሹ ሜዳ ታርሶ ስላለቀ የጎረቤቶቻችን ከብት ተመናምኖ፥ ከሁለቱ በሬዎቻችን በቀር የሚረግጥ አጣን። ስለዚህ ጓሉን በዱላ ከሰከስን፤ ልጆቹም ጫማቸውን አውልቀው ከበሬዎቹ ኋላ ተሰልፈው ረገጡ። እናታችን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከዳር ቆመው፥ እግር ያልነካውን ስፍራ ያመለክቱን ነበር። ዝናሙ ሳይቀድመን ዘሩን በተንን።