ተማሪዎች ለሰፈራቸው ስለሚያቀርቡት አሳብ

ትምህርት በተማሪው ደረት ተቀብሮ የሚቀር ሀብት እንዳይደለ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም፥ ባላገሩ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ የሚሰጠው ነገ ቀዳሽና መምህር ሆኖ እንዲያገለግለው በማሰብ ነው። እንግዲያስ ተማሪ የሀገር ዕዳ አለበት።

በዛሬው ጊዜም መምህራን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለሰፈራቸው የሚበጅ ሥራ አስበው በጽሕፈት እንዲያቀርቡ ሲያዟቸው እናያለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አሳቡ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር የወላጅ እርዳታ ያስፈልገዋል።

ልጃችን አሥረኛ ክፍል ሳለች ከሰፈራችን በታች ስላለው ምንጭ ጽፋ አሳየችን። ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉ፤ እበትና ጎርፍ ይገባበታል፤ ሕፃናትም በተቅማጥ ይታመማሉ። ስለዚህ የምንጩ ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቶ ውሃው በቧንቧ እንዲወርድ፥ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዲቆፈር፥ ዙሪያውም እንዲታጠር አሳብ አቀረበች። ጽሕፈቱ ያማረ፥ ሥዕሉም የተስተካከለ ነበር።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አቤቱታ ስንቀበል የምንኖር ስለ ሆነ፥ የከሳሹን ቃል ባነበብን ጊዜ ተከሳሹስ ምን ይላል ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። «ልጄ፥ አጥሩ ሲቆም ከብቶቹ ከወዴት ይጠጣሉ? እረኞቹንስ ጠይቀሻቸዋልን?» አልናት። አልጠየቀችም ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእናቷ ጋር ወርዳ እረኞቹንና ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠየቀች። እረኞቹም «ሌላ ውሃ የለንምና አጥሩን በሌሊት እናፈርሰዋለን» ብለው እውነቱን ነገሯት። አንዲት አሮጊት ደግሞ ምንጩ በሚያዝያ እንደሚቀጥን፥ ሴቶቹም ሳይነጋ ወርደው ተራ እንደሚጠብቁ አስረዷት። እርስዋም ወረቀቱን እንደ ገና ጻፈችው፤ ትርፉ ውሃ የሚወርድበት የከብት ገንዳ ከአጥሩ አስቀድሞ እንዲሠራ፥ ተራ አስከባሪም ከሴቶቹ መካከል እንዲመረጥ አደረገች። የሲሚንቶው ገንዘብ ገና አልሞላም፤ ድንጋዩን ግን እረኞቹ ራሳቸው ተሸክመው ከምረውታል።

በ1967 ዓመተ ምሕረት የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በተነሣ ጊዜ፥ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ባላገር ወርደዋል። ፊደል አስቆጠሩ፥ ትምህርት ቤት ሠሩ፥ ጉድጓድም ቆፈሩ፤ ድካማቸው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የሥራው ዕቅድ ከበላይ ተቆርጦ የተሰጠ ስለ ነበር፥ ከባላገሩ ልማድ ጋር የተጋጨበት ስፍራ አልታጣም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ሲመጣ «የልጅ ነገር» ብላችሁ አትሳቁበት፤ እናንተም ጽፋችሁ አትስጡት፤ ገንዘብ ለማውጣትም አትቸኩሉ። አስቀድሞ በሥራው የሚጠቀመውንና የሚጎዳውን ሰው ሄዶ እንዲጠይቅ ላኩት። ሹመት ያላችሁም እንደ ሆነ፥ የልጆቹን ወረቀት እንደ ሌላው አቤቱታ በመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ፤ የሚሆን ቢሆን ቀን ቁረጡለት፥ የማይሆን ቢሆን ምክንያቱን ጽፋችሁ መልሱላቸው። መልስ ያጣ ልጅ ሁለተኛ አይጽፍምና።