ጭቃችን ሙዚየም ሆነ!

ኢሉባቦር፣ ያዮ ልጆች ሳለን፣ ሰፈር ውስጥ ጭቃ ተቦካ ከተባለ የሚይዘን አልነበረም! ደብተር ተወርውሮ፣ ሱሪ እስከ ጉልበት ተጠቅልሎ፣ ዘለን ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ቀዩ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጣል፣ ውኃ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ለቀናት ይተዋል። ሲቦካ የሚያወጣው ሽታ ከልብስ አይለቅም፤ ዛሬ ግን ያ ሽታ ሽው ቢለኝ ዓይኔ እንባ ያቀራል። አናጢው ቋሚውን ተክሎ ማገሩን ከጫካ በመጣ ሐረግ ጥርቅም አድርጎ ያስራል፤ ደቦው ይሰበሰባል፤ ጭቃው በእጅ ይድቦለቦልና ጧ! ጭዱ ከሳሳ ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ትልልቆቹ «ጭድ ጨምሩ!» እያሉ ይጮኹብናል። በመጨረሻ እናቶች በእበት ሲለስኑት የጣቶቻቸው ፈለግ ቅስት ቅስት እየሆነ ይቀራል። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነበር።

ከዚያ ብሎኬት መጣ። ጭቃ ቤት የድሃ ቤት ተባለ።

አዲስ አበባ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ስገባ ታዲያ እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የአውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ማዕከል አድጎ፣ በ2019 ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው እዚህ ነው። ቤቶቹ የጭቃና የጭድ ናቸው። ኤልያስ ከተጣለ የኮምፒውተር ሽቦ ሥዕል የሚሠራ ሰው ነው፤ ግድግዳውንም እንደ ሥዕሉ ነው የያዘው። ልስኑ ይጠማዘዛል፣ ያብጣል፣ ይጎደጉዳል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ስትመታው ጥላው ሁሉ ይነቃል። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት። የእናቶቻችን ቅስት! አጠገቤ የነበረው ወጣት አርክቴክት ስለ ዘመናዊነቱ ሲያደንቅ፣ «ያዮ መጥተህ ብታይ!» አልኩት።

ደስታው የእኔ ብቻ አይደለም። የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ ጋንዶ የሸክላ አፈር ትምህርት ቤት ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ሕንፃን ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል።

አሁን ልቤ ያዮ ነው። ዱር በቀል ቡና የሚያድግበት ደናችን እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ይህ ደን የራሱ ሙዚየም ይገባዋል፤ የሥዕል አዳራሽም ይኑረው፣ ግድግዳውም ከገዛ አፈሩ ይሁን! የኢሉባቦር ዝናብ ቀልድ አያውቅም፣ ምስጡም እንደዚያው። ስለዚህ መሠረቱ በድንጋይ ከመሬት ከፍ ይበል፤ የጣሪያው ክፈፍ ወጣ ብሎ ግድግዳውን ከፍንጣቂ ያድን፤ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ልስኑ ይታደስ። ለዚህ የሚሆነውን እጅ ከሩቅ ማስመጣት አያሻም፤ መቱም፣ ሁሩሙም፣ ያዮም ልስን የሚያውቁ እናቶች ዛሬም አሉ። ቅስቱን እንደ ልባቸው ያውጡት፤ ከግድግዳው ሥርም እንደ ማንኛውም ሠዓሊ ስማቸው ይጻፍ።