ማስተርስ ለሚያስቡ ነርሶች፦ የአገር ቤቱ ውልና የአሜሪካው መንገድ

አገር ቤት ማስተርስ የሚማር ነርስ በአብዛኛው ከዋርድ ይወጣል። ለሆስፒታሉ ወይም ለጤና ቢሮው የትምህርት ዕድል ሲመጣ ውድድር ይወጣና የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም ይታያል። ዕድሉ የደረሰው ዋስ አቅርቦ ውል ይፈርማል፤ ደመወዙ ሳይቋረጥ ተምሮ ተመልሶ የውሉን ዘመን ያገለግላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ጎበዝ ሆነው ሳለ ተራው ሳይደርሳቸው ዓመታት ያለፉባቸውን ሳስብ ያንገበግበኛል።

አሜሪካ ውስጥ ተራ መጠበቅ የለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ብዙዎቻችን የጀመርነው ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት ነው፤ ከዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተን፣ አሶሺየት ዲግሪ ይዘን፣ የኤንክሌክስን ፈተና አለፍን። እዚያ ላይ የቆመ ሰው ማስተርስ ሩቅ ይመስለዋል። ከአሶሺየት ዲግሪ ተነስቶ በአንድ ፕሮግራም እስከ ማስተርስ የሚያደርስ «አር ኤን ቱ ኤም ኤስ ኤን» የሚባል መንገድ መኖሩን ያልሰሙ ባልደረቦች አሁንም ይገጥሙኛል። ትምህርቱ በአመዛኙ ኦንላይን ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ የ12 ሰዓት ሺፍት እየሠሩ በሳምንቱ መሃል ማጥናት ይቻላል። የአኔስቴዥያው መስክ ብቻ ይለያል፦ ቢያንስ የአንድ ዓመት አይሲዩ ልምድ ይጠይቃል፣ ከ2022 ወዲህ የሚገቡት የሚመረቁት በዶክትሬት ነው፣ አብዛኛው ሰውም ሥራውን ለቆ ነው የሚማረው።

ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን የምታስቡ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ስለ ክሊኒካል ሰዓት ጠይቁ። በ2022 የወጣው አገር አቀፍ መመዘኛ ቢያንስ 750 ሰዓት በቀጥታ ከታካሚ ጋር እንዲሠራ ያዛል፤ ቀድሞ 500 ነበር። ሰዓቱ አይከፈልበትም፣ ክሊኒኮቹም በአብዛኛው የሚከፈቱት በሥራ ቀን ነው። ከዚህም የሚብሰው ፕሪሴፕተር፣ ማለትም ክሊኒኩ ውስጥ ተቀብሎ የሚያሠራ ባለሙያ፣ ማግኘቱ ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱ ይመድባል፤ ሌላው ግን ፈልጋችሁ አምጡ ይላል። ትውውቅ የሌለው ስደተኛ ነርስ የማያውቀውን ክሊኒክ በር ሲያንኳኳ ይከርማል። የክፍል ትምህርቱን በሙሉ ጨርሶ፣ ተቀብሎ የሚያሠራው ሰው አጥቶ ምረቃው የተላለፈበት ወዳጅ አለኝ፤ ክፍያውን በየሴሚስተሩ ሲቀበል የነበረው ትምህርት ቤት አንድም ክሊኒክ አላገኘለትም። ስለዚህ ፕሪሴፕተር የሚፈልገው ማን እንደሆነ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ፕሮግራሙ እንደ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን ካለ አካል እውቅና ያገኘ መሆኑን፣ በምትኖሩበት ስቴትም ክሊኒካል ማሠራት የሚችል መሆኑን አብራችሁ አረጋግጡ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አሠሪ በዓመት ለትምህርት የሚሰጣችሁ እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው። ይህን ድጋፍ የሚሰጡ ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው፤ ኤችአር ሄዶ መጠየቅ ይበቃል። ነርስ ኮር የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ደግሞ አመልክቶ ለተመረጠና ነርስ በሚያጥርበት ተቋም ሁለት ዓመት ለሚያገለግል ሰው የነርሲንግ ትምህርት ዕዳውን 60 በመቶ ይከፍልለታል። ዞሮ ዞሮ ይህም እንደ አገር ቤቱ ውል አገልግሎት ያስፈርማል።

ያ ውል እንደ እስር ሲወራ እሰማለሁ። አገልግሎቱ እስኪያልቅ የትምህርት ማስረጃው መያዙ በእርግጥ ይከብዳል። አንድ ነገሩን ግን እዚህ አጥቼዋለሁ፦ የተማረው ሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመለሳል፣ አብረውት ዱቲ ይገቡ የነበሩትም ከእሱ ይማራሉ። እዚህ ማስተርሱን የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ይቀጠራል፤ ከኋላው ያለውም መንገዱን እንደገና ለብቻው ይፈልጋል።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የምትሠሩ ሐበሻ ነርስ ፕራክቲሽነሮች፣ እባካችሁ በዓመት አንድ ተማሪ ተቀበሉ። የምትሠሩበትን ክሊኒክ ፈቃድ ጠይቁ፣ ስማችሁንም ለምታውቋቸው ተማሪዎች ስጡ። ለተማሪ የሰጣችሁት ሰዓት ሰርተፍኬታችሁን ስታድሱ ሊያዝላችሁ ይችላል።