ልጃችሁን ስለ ውጤቱ ብቻ አትጠይቁት

ልጃችሁ ከዩኒቨርሲቲ ደውሎ «ክበብ ውስጥ ኃላፊነት ተሰጠኝ» ሲላችሁ ምን ትሉታላችሁ? የአብዛኛው ቤት መልስ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ትምህርትህን!» እኔንም እናቴ እንዲሁ ብላኛለች። አልፈርድባትም። ልጅን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት ስንት ጭንቀት እንዳለው እናንተው ታውቁታላችሁ። ይሁንና ዛሬ በማርኬቲንግ ሥራዬ ላይ ከዲግሪዬ እኩል የጠቀመኝ ስድስት ኪሎ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በማንበብ ያሳለፍኩት ጊዜ ነው።

ስድስት ኪሎ ግቢ ለረጅም ዓመታት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ሕግ፣ ታሪክ፣ ቋንቋ ሲማሩበት ኖሯል። በብሬል የተዘጋጀ መጽሐፍ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ዓይናማው ጓደኛ ቁጭ ብሎ ያነብላቸዋል። ለእኔ የደረሰችኝ የሕግ ተማሪ ነበረች። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳነብላት «ቀስ በይ፤ እስቲ ቁጥሩን ድገሚልኝ» ትለኛለች። በሕግ ውስጥ «እና» እና «ወይም» ምን ያህል እንደሚራራቁ የነገረችኝ እሷ ናት። ማስታወቂያ በጻፍኩ ቁጥር ድምፅዋ ይመጣብኛል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የአንባቢዎች አስተባባሪ ሆንኩ። ሹመት እንዳይመስላችሁ! የተረከብኩት አንድ ደብተር ነው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለመመዝገብ ሁሉም ይሽቀዳደማል። ችግሩ የሚመጣው በፈተና ሰሞን ነው፤ ዓይነ ስውራኑ አንባቢ አብዝተው የሚፈልጉበት ሳምንት አንባቢዎቹም ለራሳቸው ጥናት የሚሯሯጡበት ሳምንት ነው። ደመወዝ የማትከፍሉትን ሰው ማዘዝ አትችሉም። መቆጣትማ ጭራሽ ያባርረዋል።

እኔ ያደግኩት አብነት ነው። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ አባቴ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ስም፣ የመጣ፣ የቀረ፣ የተተካ እያለ በመስመር ይከፋፍላል። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ ማንም ሳይጮህ የሚተከለው በዚያ መዝገብ ምክንያት ነው። እኔም ደብተሬን እንደዚያው አሰመርኩት። ለእያንዳንዱ አንባቢ ተተኪ መደብኩለት። «በጎ ፈቃደኛ ሁኑ» ማለቱን ትቼ «ማክሰኞ 10 ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ትችላለህ?» እያልኩ እያንዳንዱን ጠየቅኩ። ሰው ልኩ ለታወቀ ነገር እሺ ይላል። አንድ ቀን እናቴ ደብተሩን ቤት አግኝታ ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ይሄማ የአባትሽ የዕድር መዝገብ ነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስደውል ከውጤቴ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ስለ አንባቢዎቹ ሆነ።

አንዴ ከመካከላችን ባነርና ቲሸርት ያለው ዝግጅት ይደረግ የሚል ሐሳብ ተነሣ። የሕግ ተማሪዋ «ቲሸርቱን እኔ አላየውም፤ አንባቢዬ በሰዓቱ ይምጣልኝ» አለች። ነገሩ በሳቅ ተዘጋ። (ደንበኛን ሳይጠይቁ ዘመቻ ማውጣት እኔ በምሠራበት ሙያም የተለመደ በሽታ ነው።)

ይህ የተማሪ አገልግሎት የእኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ ወደ ክፍለ ሀገር እየሄዱ ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። በቤታችሁ የዚያን ጊዜ ሰው ካለ አስወሩት፤ ትዝታውም ቁስሉም ብዙ ነው። ያኔ ግን ግዴታ ነበር። በፈተና ሳምንት ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ለሰው እንዲያነብ ተማሪን የሚያስገድደው የለም።

ክበብ ሁሉ መልካም ነው እያልኩ አይደለም። ከፎቶና ከስብሰባ የማያልፍ አለ፤ ለሥልጣን ሽኩቻ ብቻ የሚያገለግልም አለ። ስለዚህ ልጃችሁ ሲደውል «ማንን ነው የምታግዘው? በሳምንት ስንት ሰዓት?» በሉት። የሰው ስም ጠርቶ ከመለሰላችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ውጤቱ ካሽቆለቆለም ሰዓቱን ይቀንስ እንጂ ጨርሶ ይተወው አትበሉ።

አሁን መሥሪያ ቤታችን ሰው ሲቀጥር አንዳንዴ ቃለ መጠይቅ ላይ እቀመጣለሁ። የሥራ ማመልከቻው ላይ «የክበብ ፕሬዝዳንት» የሚል ካየሁ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «እመጣለሁ ያለ ሰው ሲቀርብህ ምን ታደርግ ነበር?» ሥራውን በትክክል የሠሩት ከመመለሳቸው በፊት ይስቃሉ።