ውጅግራውን ቫርኒሽ አትቀቡት

ሰንዳፋ አጎቴ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ሥሪት ነው፤ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጎራሽ። ዓድዋ ከዘመቱት የጠመንጃ ዓይነቶች አንዱ።

ልጁ ሰሞኑን ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ሊቀባው ተነሣ። ኧረ ተው እንጂ! ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያበራል። ያንን የሠራው የስንት ሰው እጅና ቅቤ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ብረቱንም ዘይት በነካ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል።

«ካልሆነ ለሌሊት መንገድ አሮጌ ሽጉጥ ልግዛና እሱን ላሳምር» አለ ደግሞ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው፤ ከጎረቤት ተደራድረው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ለሌሊት ጅብማ የወይራ ዱላና ባትሪ መች አነሰ? አጎቴም ይዞ የሚወጣው እሱኑ ነው።